ጋሽ ጥሩነህና የአቧራ መኪናቸው

ጋሽ ጥሩነህ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ አሥራ አራት ዓመት የነዷት መኪና ቀደመቻቸው። ማስታወቂያውን አንድ ሰኞ ጠዋት የግቢያችን በር ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ድርጅቱ ያገለገሉ ንብረቶቹን በጨረታ ሊሸጥ ነው። ሁለት ጄኔሬተር፣ አንድ ክምር አሮጌ ጎማ፣ ከዚያ ነጯ ደብል ጋቢና ፒካፕ። ጋሽ ጥሩነህ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን በቅርበት አነበቡትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ከጎማ በታች ጻፏት" አሉ።

ድርጅታችን ውኃ በሌለበት አገር ጉድጓድ ይቆፍራል። ግቢው ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እኔ እዚያ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በረሃውን በዓይኔ አላየሁትም። የማውቀው ከጋሽ ጥሩነህ ልብስ ላይ ነው። ከአፋር ሲመጡ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጭ፣ ከቦረና ሲመጡ ደግሞ ቀይ ሆነው ይገቡ ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ መጀመሪያ ልብሳቸውን አያራግፉም። ኮፈኖውን ከፍተው የአየር ፊልትሮውን ያወጣሉ። ጎማው ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉታል፤ ወደ ፀሐይ አንሥተው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ያያሉ፤ እንደገና ይመቱታል። ፊታቸውን የሚታጠቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤቶችም ነን። ሁለታችንም የምንኖረው ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ስለሆነ፣ ከሥራ ስንወጣ ብዙ ጊዜ አብረን በእግር እንሄዳለን። ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት መንገዱ ረዝሞብናል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሳላቸው ይነሣል። ደረቅ ሳል ነው፤ የአንዱን ሰው ቆርቆሮ አጥር ተደግፈው እስኪያልፍላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ስልኬን የማይ መስዬ እቆማለሁ።

"ምንም አይደለም፣ አቧራ ነው" ይላሉ ሲጨርሱ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘመነች አንድ ቀን በፊቴ፣ "ለመኪናዋ በየጊዜው ፊልትሮ ትቀይራለህ፤ ለአንተስ ማን ይቀይርልህ?" ብለዋቸው ነበር። ጋሽ ጥሩነህ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

ያችን መኪና ሊገዟት ፈለጉ። ሰው ሲሰማ ፍቅር ነው ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ድካም ይመስለኛል። ከሃያ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ የሰው መኪና ነድተዋል። ተነሥ ሲሏቸው ተነሥተዋል፣ እዚያው እደር ሲሏቸው መሪው ላይ ተደፍተው አድረዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ቦታ ልቀጠር ቢሉ ወገባቸውም አይፈቅድ። እትዬ ዘመነች ደግሞ ቤታቸው በር ላይ አትክልት ይሸጣሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይሄዳሉ፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር አይሱዙ ተጋርተው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይመለሳሉ። ነጯ ፒካፕ የራሳቸው ብትሆን ጋሽ ጥሩነህ የእትዬ ዘመነችን ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የአንዳንድ ሱቆችንም ዕቃ እያመላለሱ ቀስ ብለው ይኖራሉ። "ሲደክመኝ የማቆማት መኪና" ይሏት ነበር። ከዚህ ሌላ ምኞት ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሠራተኛም እንደማንኛውም ሰው መጫረት ይችላል ተባለ። ያላቸው ግን ከደመወዛቸው ሲጠራቀም የኖረው ፕሮቪደንት ፈንድና የእትዬ ዘመነች ዕቁብ ብቻ ነው። ይኼ የሚበቃው ሌሎቹ ተጫራቾች ከመነሻ ዋጋው ብዙ ካልራቁ ነው። አንድ ገንዘብ ያለው ሰው መኪናዋን ከልቡ ከፈለጋት አለቀ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በጨረታው ደንብ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ለአሥር ቀን ትታያለች፤ ሞተሯ ይነሣል፣ ከበር ግን አትወጣም። ነድቶ ያላያትን መኪና የሚገዛ ሰው ምን ያደርጋል? ሹፌሩን ይፈልጋል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ በሮቹን ከፍቶ ዘግቶ ሲያበቃ፣ ሹፌሩን ወደ ጥግ ወስዶ፣ "እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፣ እንዴት ናት?" ይለዋል። የድርጅት መኪና ሲገዛ ያየሁት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መኪናዋን እንዲያሳዩ የታዘዙት ደግሞ ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ተጫራች መሆናቸውን ለንብረት ክፍል ኃላፊው ለግሩም ነግረውት ነበር።

"ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃታል?" ብሎ ቁልፉን መልሶ ሰጣቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄጄ እትዬ ዘመነች ሽንኩርት ሲለዩ አገኘኋቸው። ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ።

"እስቲ ይሄን ሰውዬ ምከርልኝ። ሰው ሲጠይቀው 'አሮጊት ናት' ብሎ ዝም ማለት ያቅተዋል?"

"አሮጊት አይደለችም" አሉ ጋሽ ጥሩነህ ከጥጉ።

"ይኸው! ሰማኸው?"

"ታዲያ ልዋሽ?"

"ማን ዋሽ አለህ? አሥራ አራት ዓመት አቧራ በልታለች አይደል?"

"በልታለች።"

"እሱን በላቸው። 'ብዙ አቧራ በልታለች' በል፤ ሌላ እንዳትጨምር።"

"አልጨምርም።"

"ማልልኝ።"

"ለመኪና አይማልም፣ ዘመነች።"

እትዬ ዘመነች አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ወደ ባልዲው ወረወሩና እኔን አዩኝ። እኔም፣ "እውነት እኮ ነው ጋሽ ጥሩነህ፤ ውሸት የለበትም" አልኩ። ስናገር ፊቴ እንደሞቀኝ ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በደህና አለፉ። ሰዎች ይመጣሉ፤ ጋሽ ጥሩነህ ኮፈኖውን ይከፍታሉ፣ ሞተሩን ያስነሣሉ፣ ይጠየቃሉ። "ብዙ አቧራ በልታለች" ይላሉ። ሰውየው መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ እሳቸውን ያያል። ሹፌሯ ራሱ እንዲህ ካለ፣ ብሎ ይሄዳል። ከዘነበወርቅ የመጣ አንድ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ምላሱን አጮኸና፣ "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ከጉድ አወጡኝ" ብሎ እጃቸውን ጨብጧቸው ሄደ። እሱ ከበር ሲወጣ ጋሽ ጥሩነህ ጨርቅ አንሥተው መስታወቷን ሲወለውሉ አየኋቸው። መስታወቷ ግን ንጹሕ ነበር።

ሰው በሄደ ቁጥር እንዲህ ያደርጉ ጀመር። ማታ ስንሄድም በየቀኑ ይበልጥ ደክሟቸው ነበር።

"መንዳት እንኳ እንዲህ አላደከመኝም" አሉኝ በስምንተኛው ቀን፣ አጥሩን ተደግፈው።

በመጨረሻው ቀን፣ ግቢው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው፣ ጀይሉ የሚባል ነጋዴ መጣ። ጦር ኃይሎች የብረታ ብረት መደብር አለው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። መካኒክ ይዞ መጥቷል። መካኒኩ ማሙሽ ይባላል፤ የጀይሉ ዝምታ ሁሉ ወደ እሱ የሄደ ይመስል አፉ አያርፍም። ያን ቀን ብርድ ስለነበር ጋሽ ጥሩነህ የጥበቃውን ካፖርት ደርበው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

"ፋዘር፣ የነጯ ቁልፍ የት ነው?" አለ ማሙሽ።

"እኔ ጋ ነው።"

"ኧረ! ዘበኛው ነው እንዴ ሻጩ? በሉ ይክፈቱልን።"

ጋሽ ጥሩነህ ዘበኛ አይደለሁም አላሉም። ተነሥተው ኮፈኖውን ከፈቱ። መኪናዋ የቆመችው በእኔ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉም ነገር ይታየኛል፣ ይሰማኛልም። ማሙሽ ጣቱን ጨርቅ በማይደርስበት ጥግ ጎትቶ አወጣውና ለጀይሉ አሳየው። ጣቱ ቀልቷል።

"አየኸው ጀይሉ? ቦረና ሳትሄድ ቦረና መጣልህ።"

ጀይሉ ወደ ጋሽ ጥሩነህ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ያይዋታል?"

"ብዙ አቧራ በልታለች" አሉ።

"በልታለች? ጠግባለች እንጂ!" አለ ማሙሽ። የኋላውን በር ከፍቶ ዙሪያውን በጥፍሩ ጫረ። በበሩ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር ጎማ ተለጥፏል። "ይሄን እይ! የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጦ በሙጫ ለጥፎበታል። ሹፌር ነው ወይስ ጫማ ሰፊ የነበረው?"

የጋሽ ጥሩነህ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግን እጃቸውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተቱ። እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ትንሽ ብቻ፣ እላለሁ።

ማሙሽ ኮፈኖውን በኃይል ዘጋው። "ተወው ጀይሉ። እንዲህ ዓይነት መኪና አውቃለሁ። የድርጅት ሹፌር ምን ቸገረው? የራሱ አይደለ! ፊልትሮ የሚባል ነገር ሳያወጣ በረሃ ለበረሃ ሲጋልብ ይኖራል፤ ሞተሩ አሸዋ ሲፈጭ ይኖራል። ከላይ ነጭ ሆኖ አይሸውድህ። ይሄን መኪና ሹፌሩ ገድሎታል።"

ጀይሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ስድስት ሰባት እርምጃ ሄደዋል።

"አንተ ልጅ!"

የማን ድምፅ እንደሆነ ለጊዜው አልለየሁትም። ጋሽ ጥሩነህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

"ና እስቲ። ና፣ እጅህን ክተት።"

ካፖርቱን አውልቀው ጣሉት። ኮፈኖውን እንደገና ከፍተው የፊልትሮውን ክዳን በጣታቸው ፈቱ፣ ፊልትሮውን አወጡና ከእሱ ጀርባ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ አሳዩት።

እኔ ጋ መፈረም ያለባቸው አንድ ወረቀት ነበር። በዚያ ሰበብ ልጠራቸው እችል ነበር፤ ከወንበሬም ተነሥቻለሁ። ለምን እንዳልጠራኋቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠራቸውም የሚመጡ አይመስለኝም፤ ይኼን የምለው ግን ራሴን ላጽናና ሊሆን ይችላል።

"አቧራ ሞተር የሚገድለው በዚህ ገብቶ ነው። አይደለም?" አሉት።

"ነው" አለ ማሙሽ።

"እንግዲያው ፈልገው።" ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ሰጡት። እትዬ ዘመነች ያጠቡት፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ ነው።

ማሙሽ መሐረቡን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ወደ ቱቦው አስገባ። አዙሮ አዙሮ አወጣው። ነጭ ነው። በሌላው ወገን ጠቅልሎ አሁንም አስገባ፤ በዚህኛው እስከ እጁ አንጓ ድረስ ነው የገባው። ነጭ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ጥሩነህን የሚያቆማቸው አልነበረም። "የአፋር አቧራ ዱቄት ነው፤ በበር ሥር ነው የሚገባው፤ ካላማዳሪያውን የለጠፍኩት ለዚያ ነው፤ ጫማ ሰፊ በለኝ ግድ የለም። ሌላው ሹፌር ለምሳ ሲቆም እኔ ለፊልትሮ እቆማለሁ። ከፊቴ መኪና ካለ አቧራው እስኪበርድ ርቄ ነው የምከተለው። ስንቴ 'ዘገየህ' ብለው ተቆጥተውኛል። እዘገያለሁ። እሷ ግን አንድ ቀን ሜዳ ላይ ቆማ አታውቅም።" ገብተው ሞተሩን አስነሡ። በመጀመሪያው ተነሣ፤ እሳቸውም ወረዱ። "ይሄ የሞተ ድምፅ ነው? ንገረኝ፣ አንተ መካኒክ ነህ፤ የሞተ ነው?"

"አይደለም" አለ ማሙሽ በቀስታ።

"የታመመውንም ልንገርህ። የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ መቀየር አለበት። ፍሪሲዮኗ ከስድስት ወር አያልፍም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሱን አትመን። ሞተሯ ግን ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አልተፈታም።"

ሳላቸው ተነሣ። መሐረቡን ከማሙሽ እጅ ወስደው አፋቸውን ያዙ፣ ጎንበስ ብለው የፊቱን ፓራውልት ተደገፉ። ሁለቱ ሰዎች ቆመው ጠበቋቸው። ጀይሉ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን ያጠፋላቸው ያኔ ነው።

"ጋሼ፣ ሹፌሯ እርስዎ ነዎት?"

"አሥራ አራት ዓመት።"

"ከሠራተኛ አንድ የሚጫረት አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"እኔው ነኝ።"

ጀይሉ ኮፈኖውን ቀስ አድርጎ ዘጋው። "ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ነገሩን?"

ጋሽ ጥሩነህ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ሹፌሩ ገድሎታል አለ" አሉ።

"ይቅርታ ፋዘር" አለ ማሙሽ፣ "ዘበኛ መስለውኝ እኮ ነው።"

"ዘበኛ ቢሰማውስ?"

ጀይሉ እኔ ጋ መጥቶ የጨረታ ሰነድ ጠየቀ። ገጾቹን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ቆሞ ሞላውና ሳይሰናበተኝ ወደ ግሩም ቢሮ ገባ።

ያን ቀን ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምን። ስለ ጉዳዩ አላወራንም። ቤታቸው በር ስንደርስ ብቻ፣ "ለዘመነች እኔ ነኝ የምነግራት" አሉ። የተባባሉትን እትዬ ዘመነች ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

"ሁሉንም ነገርካቸው?"

"ሁሉንም።"

"ኩሽኔታዋንም?"

"እሱንም።"

"እሱን ከነገርካቸው ምናልባት መኪናዋን ይተዉልን ይሆናል።"

"አይተዉም። እሱን የነገርኳቸው ለዚያ አይደለም።"

እትዬ ዘመነች የሚናገሩት ነገር አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ባለቤታቸውን አዩአቸውና፣ "እጅህን ታጠብና ብላ" አሏቸው።

ጨረታው ሐሙስ ተከፈተ። አምስት ፖስታ ነበር። ግሩም አንድ በአንድ እየቀደደ አነበበ። አራተኛው እስኪነበብ ድረስ ከሁሉ የበለጠው የጋሽ ጥሩነህ ዋጋ ነበር። ዳቦ ቤት ያለው ሰው እንኳ አልተጫረተም። አምስተኛው የጀይሉ ነው። በጥቂት ቢበልጣቸው ኖሮ ይብስ የሚቆጨኝ ይመስለኛል፤ የበለጣቸው በብዙ ነው፣ መኪናዋን ከልቡ የፈለጋት ሰው ዋጋ ነው። ጋሽ ጥሩነህ ከኋላ ወንበር ተነሥተው የጀይሉን እጅ ጨበጡና ወጡ።

ጀይሉና ማሙሽ መኪናዋን ሊረከቡ ሲመጡ፣ ጋሽ ጥሩነህ ከጋቢናዋ የወገብ ትራሳቸውንና አንድ ጨርቅ አወጡ። የእሳቸው የሆነው ያ ብቻ ነው። ጀይሉ ትራሱን ሲያይ፣

"ጋሼ፣ እዚያው ይተዉት" አለ። "መጥተው ይንዱልኝ። እሷን ከእርስዎ ሌላ ለማን ልስጥ? ሥራው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።"

"ደክሞኛል ልጄ" አሉት። "ለሰው መንዳት ደክሞኛል።"

ማሙሽ መሪው ላይ ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ጠሩት። "ፊልትሮውን ስትመታ አታጥብቅ፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። እንዲህ" ብለው በመዳፋቸው በሩን ቀስ አድርገው መቱ። "እንዲህ ብቻ።"

"እሺ ፋዘር" አለ።

ከበር ስትወጣ አላዩዋትም። ትራሱን በብብታቸው ይዘው እኔ ጋ ገቡና ያን የቀረውን ወረቀት ፈረሙልኝ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እትዬ ዘመነች አትክልት ተራ በሚሄዱበት ቀን አብረዋቸው ይሄዳሉ፤ በአይሱዙው ላይ ሁለቱም ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት ለጡረታ ጉዳያቸው ወጥተው ጦር ኃይሎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ፀሐይም ነበር። ቆመን ሳለ ነጯ ፒካፕ ከኋላችን መጣች። ጀርባዋ ላይ ፌሮ ተጭኗል፣ ከጫፉም ቀይ ጨርቅ ታስሯል። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር በጎናችን ቀስ ብላ ነው ያለፈችው። ጋሽ ጥሩነህ አልዞሩም። አንገታቸውን ብቻ ትንሽ ዘንበል አደረጉ፣ ሰው በሩቅ የሚጠራውን ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። እስክትርቅ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

"ኩሽኔታዋን ቀይረውላታል" አሉ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድን።